ሳይሞቅ የተለካ ድምፅ

ወንበሩን ሳብ አድርጋችሁ ተቀመጡ። እኔ እጄ ሥራ ካልያዘ አፌም አይፈታልኝም፤ ስለዚህ ይህችን ጨርቅ እየወጠርኩ ነው የማወራችሁ። የምነግራችሁ የወንድሜን ልጅና የባለፎቁን ልጅ ነገር ነው። ሰምተነዋል የምትሉ አትጠፉም። እናንተ የሰማችሁት መንገድ ላይ ነው። እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፣ መጋረጃ ይዤ።

መጀመሪያ ቤታችንን ልንገራችሁ። ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ስትመጡ፣ በፎቶ ቤቱና በቁልፍ ቀራጩ መካከል የተጣበቀች ጠባብ ሱቅ አለች። ሟቹ ባለቤቴ እዚያ ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ሲጠግን ኖረ። እሱ ሲሞት፣ ከሥሩ ሆኖ ሥራውን የለመደው የወንድሜ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ የስፒከር ፊት ጨርቅ እቀይራለሁ። የተቀደደውን እነቅላለሁ፣ አዲሱን እወጥራለሁ፣ ጫፉን በሙጫ እይዛለሁ። ከላላ ይንቀጠቀጣል፣ ከጠበቀም ይተረተራል። ሌላ ሙያ የለኝም።

ልጁን የሚያውቀው ሁሉ «ይሙቅ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የሚሠራው ትራንዚስተር ያልገባበትን አሮጌ የድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ነው፤ ውስጡ እንደ ትንሽ አምፖል ቀላ ብለው የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች ያሉትን። ቱቦ ደግሞ ከእንቅልፉ ቶሎ የሚነሳ ዕቃ አይደለም። አብርታችሁ ወዲያው ብትሰሙት ያኮረፈ ይመስላል፤ ቆይቶ ሲግል ነው ደኅና አድርጎ የሚናገረው። ደንበኛ መጥቶ «ተሠራልኝ?» ሲለው የልጁ መልስ ሁሌም አንድ ነው። «ቆይ፣ ይሙቅ።» ሰውየው ቢቆጣ፣ ታክሲ አስቁሜ ነው የመጣሁት ቢል፣ «ይሙቅ» ነው። ስሙ ሆኖ ቀረ።

ከመንገዱ ማዶ ፎቁ አለ። ባለቤቱን እኛ ባለፎቁ ነው የምንለው። ከምድር ቤቱ አንስቶ አዲስ ዕቃ ብቻ ነው የሚሸጠው። ቀጫጭን ጥቁር አምፕሊፋየሮች አሉት፤ ከስልክ ላይ ሙዚቃ የሚቀበሉ፣ ቁልፋቸው ሲነካ ሰማያዊ የሚያበሩ። ሻጮቹ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ይለብሳሉ። ባለፎቁን ክፉ ሰው ነው አልላችሁም። ሰላም ሲላችሁ ግን ዓይኑ በትከሻችሁ ላይ አልፎ ከኋላችሁ ያለውን ያያል።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። የድምፅ ሥራ ተምራ መጥታ ከፎቁ ጫፍ ላይ ክፍል ከፈተች። ሰዎች ከየቤታቸው አቧራ የጠጣ ሸክላ ያመጡላታል፤ እሷ አጫውታ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጠዋለች፣ የሚንቋቋውን ታጸዳዋለች፣ በፍላሽ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሸክላ ማጫወቻዋን እንደ ሕፃን አቅፋ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ድምፁን እያበላሸብኝ ነው» አለችው። «መርፌው ይመስለኛል።»

ይሙቅ መርፌውን የያዘውን የማጫወቻውን ክንድ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «መርፌው ደኅና ነው። ክብደቱን አብዝተሽበት ነው። ሸክላውን እያረስሽው ነው።»

«አላበዛሁም። በማጉያ መነጽር እየው።»

«አያስፈልገውም።»

«እኔ የመጣሁት እንድታየው ነው።»

አየው። ቀና ሳይል ቆየና፣ «ጫፉ ተሸርፏል» አለ። «አንቺ ነሽ ልክ።»

እኔ ከሥራዬ ቀና ያልኩት ያኔ ነው። ከዚያች ወንበር ላይ «አንቺ ነሽ ልክ» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ሟቹም አልወጣውም ነበር።

ከዚያ በኋላ እግሯ ሱቃችንን ለመደ። ስትመጣ ይጣላሉ፤ ካልተጣሉ ደግሞ የታመሙ ይመስላሉ።

«አንተ ሸክላ የምትወደው ስለሚያለፋህ ነው» ትለዋለች። «አውጣው፣ ጥረገው፣ ገልብጠው። ዘፈኑ ሳይሆን ልፋቱ ነው የጣመህ።»

«የአንቺ ዲጂታል ንጹሕ ነው፣ አልካድኩም። ግን ታጥቦ ታጥቦ መልኩን የለቀቀ ሸሚዝ ሆነብኝ።»

«የቆሸሸ ይሻላል?»

«የማን እንደሆነ ይታወቃላ።»

«የአባቴ ትራንዚስተር እኮ ሲያበሩት ይሠራል። ያንተን አብርቼ፣ እራት ሠርቼ፣ በልቼ፣ ሳህን አጥቤ ስመለስ ነው አፉን የሚከፍተው።»

«እራት መብላትሽ ምን ክፋት አለው? ደግሞ ከስተሻል፣ እሜቴ ዲጂታል።»

እንዲህ ሲባባሉ ነው የሚውሉት። እኔ ግን ሁለቱንም አያለሁ። እሷ ስትሄድ ጠብቆ፣ የሰጠችውን ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ፣ እጁ በሠራት ትንሽ ዕቃ ላይ ሰክቶ እየሰማ ነው በካውያው የሚበይደው። እሷ ደግሞ «ለአንድ ደንበኛ ነው» ብላ ከእኛ የሸክላ ማጫወቻ ወሰደች። ደንበኛዋ ማን እንደሆነ የፎቁ ዘበኛ ነገረኝ። በየምሽቱ መኝታ ቤቷ ውስጥ የሚንቋቋ ዘፈን ይሰማል አለኝ። ሁለቱም በየጓዳቸው ከድተዋል፣ አፋቸው ግን አልተሸነፈም።

ፍቅር መሆኑን ያረጋገጥኩት በመብራት ነው። ጠባብ ቦታ ገብቶ ሲሠራ የእጅ ባትሪ ያዢልኝ አላት። ያዘች። ቆየችና ብርሃኑ ከእጁ ላይ ተነስቶ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ወጣ።

«እጁ ላይ አብሪለት ልጄ» አልኳት። «በፊቱ አይበይድም።»

ሁለቱም ሳቁ።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ ይሙቅ የሟቹን ተንኮል ነገራት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት አምፕሊፋየር አማርጦ ሲሸጥ እንዲሸጥለት የፈለገውን ድምፅ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ያደርገዋል። የሰው ጆሮ ለትንሽ ከፍታ «ጮኸ» አይልም፤ «አማረ» ነው የሚለው። ደንበኛው አማረኝ ብሎ ይዞ ይሄዳል።

«አጎትህ ሌባ ነበሩ በለኛ» አለች እየሳቀች።

«ነጋዴ ነበር» አላት። «አባትሽን ጠይቂያቸው፣ ልዩነቱን ያስረዱሻል።»

እንባ እስኪወጣት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴን በሳቅ ካነሳሁት ቆይቼ ነበርና ደስ አለኝ።

ባለፎቁ እግሩ ሱቃችንን የረገጠው ሴት ልጁን ፍለጋ ነው። እዚያች አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷ አቧራ ሆኖ፣ ጭኗ ላይ የሽቦ ጥቅልል ይዛ አገኛት።

«ቢሮሽ እዚህ ሆነ እንዴ?» አላት።

ይሙቅ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት፤ ባለፎቁ አልተቀመጠም።

«ስማኝ ልጄ» አለው፣ ሳይቆጣ። «ሥራህን አልነቅፍም። ግን ዕቃ የሚያመጡልህን ሰዎች እያቸው፤ ሁሉም ሸብተዋል። እነሱ ሲያልቁ አንተ ምን ልትሆን ነው? የኔ ልጅስ?»

«እስካሁን ጦሜን አላደርኩም፣ ጋሼ።»

«ብቻህን ስለሆንክ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ አባት የሚለው ነገር ነው። የመለሰችለት ልጁ ናት።

«አባዬ፣ የሱን ድምፅ ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«ድምፅ ድምፅ ነው።»

«እንግዲያው ስማ። ያንተም ይቀመጥ፣ የሱም ይቀመጥ፣ በመጋረጃ ይሸፈን። የሱን ለይተህ ከመረጥከው ሥራው ገና ሰው አለው ማለት ነው። በነገራችን አትገባም።»

ባለፎቁ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ውል ሲሸተው ዓይኑ ይበራል። «ካልለየሁትስ?»

«አንተ በል።»

«በሩቁ ከተማ የከፈትኩትን ቅርንጫፍ ልትይዢልኝ ትሄጃለሽ። ስለምንሽ ከርሜያለሁ።»

ቅርንጫፉ የሚገኘው በአውቶቡስ ሲነጉዱ ውሎ የሚደረስበት ከተማ ነው። ለምን እንደመረጠው ለማንም ግልጽ ነበር። ልጅቷ ይሙቅን አላየችውም፤ ብታየው እምቢ የምትል መሰለኝ። እጇን ዘረጋች፣ ተጨባበጡ። ይሙቅ በመዳፉ ላይ ያለችውን ቱቦ እንደያዘ ቀረ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ይሁን ኩራት እስከዛሬ አልለየሁትም።

መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰፊ ጥቁር ጨርቅ፣ ግን ድምፅ እንዳያፍን ሳሳ ያለ። በቀጠሮው ቀን ይዤው ፎቁ ጫፍ ላይ ወጣሁ። ክፍሏ ውስጥ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ስፒከሮቹ አንድ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዛውር ማብሪያ ማጥፊያ የምታክል ቁልፍ አለች፤ እሷን የምትነካው ልጅቷ ናት። ከሸክላ የገለበጠችውን አንድ ዘፈን ነው የምታጫውተው፤ ሸክላና ዲጂታሉ የትናንት ጠባቸው ነው፣ የዛሬው ጉዳይ በቱቦና በትራንዚስተር መካከል ነው።

ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። ይሙቅ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ይዞ ለካ። የራሱን አስተካከለ፣ የባለፎቁን አስተካከለ፣ «እኩል ናቸው» አለ። እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ሽቦ ስታያይዝ ነበር። እኔ መጋረጃውን ስቤ ያዝኩ። ባለፎቁ ገብቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ዘፈኑ ተጀመረ። እያዛወረች አሰማችው። አንዱ ሲመጣ ባለፎቁ ዝም ይላል፤ ሌላው ሲመጣ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳል።

«ይሄኛው» አለ። ደግማ አሰማችው። «ይሄኛው። እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ሰውየው እዚህ ገብቶ የቆመ ነው የሚመስለው።» ሠለሰችው። «ይሄ ነው፣ በቃኝ። የማን ነው?»

መጋረጃውን ለቀቅሁት። ጣቱ ሲጠቁም የነበረው ወደ ቱቦዎቹ ነው።

ባለፎቁ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ተነሳና የይሙቅን ትከሻ መታ አደረገ። «ቃሌን አላጥፍም» አለና ወረደ። ደረጃው ላይ ሆኖ ከሻጮቹ ለአንዱ የሆነ ነገር ሲናገር ይሰማኛል፤ ድምፁ ቀለል ብሎታል።

ልጅቷ ሥራዋ ልማድ አድርጎባት ዕቃ ከመንቀሏ በፊት ሁሉንም ደግማ ትለካለች። ቴስተሩን አነሳች። ያንዱን ለካች፣ ያንዱን ለካች። እንደገና ለካች። ይሙቅ ጥርሱን ሳይከድን ወደሷ ሲመጣ፣

«ና እስኪ ይህን እይ» አለችው። ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር።

አየ።

«ያንተ ከፍ ብሏል።»

«አይሆንም። እኩል ነበር ያደረግኳቸው።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

እኔ ባለሙያ ባልሆንም የሟቹ ሚስት ነኝና ያሰበችውን አውቄዋለሁ።

«የአጎትህን ስትነግረኝ ስቄ ነበር» አለችው። «አባቴን እንደ ደንበኛ ሸጥክለት። እሱን ብቻ መስሎሃል? እኔን ነው የሸጥከኝ።»

«እኔ አልነካሁትም።»

«ከኛ ሌላ ማን ነካው? እትዬ ናቸው?»

ሌላ ሴት ብትሆን ዕቃ ትወረውር ነበር። እሷ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያስተካከለች ጠቀለለች፣ ጫፍ ጫፋቸውን አሰረች፣ በየቦታቸው አስቀመጠች። እንዲያ ተጠንቅቃ ስትጠቀልል ሳይ ነው ነገሩ ማለቁ የገባኝ።

ለአባቷ አልነገረችውም። አባትየው ታች ሆኖ ለይሙቅ ሥራ አንድ ጥግ እያስጠረገ ነበር። እሷ ግን መንገዱን መሻገር ተወች። እዚያ የረሳነውን ቴስተር አንድ ሻጭ ይዞልን መጣ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ይሙቅ ጨርቁን ገልብጦ ገልብጦ አየው። አንዲት መስመር እንኳን አልጻፈችበትም። ጨርቁን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ መሳቢያውን ሲዘጋ ቀስ ብሎ ነው፣ የተኛ ሰው ያለበት ይመስል።

ቀናት አለፉ። መንገዱ ማዶ ለማዶ ነው እንግዲህ፣ መተያየት አይቀርም። እሷ ስትወጣ እሱ አንገቱን ይደፋል፤ እሱ በር ላይ ሲቆም እሷ መስኮቷን ትዘጋለች። ደንበኞች «ይሙቅ ምን ነካው፣ ዛሬ አላስጠበቀንም» ይሉኝ ጀመር። እውነትም ሥራውን እንደነገሩ እየሠራ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያን አምፕሊፋየሩን አብርቶ፣ የቴስተሩን ጫፎች ሰክቶበት፣ ፈዝዞ ተቀምጧል። ሥራም አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ነው። ቱቦዎቹ ቀስ እያሉ ቀሉ። እኔ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነው።

«አክስቴ» አለኝ።

«ምን?»

«እየወጣ ነው። እያየሁት እየወጣ ነው።»

«ምኑ?»

«ሳይሞቅ ነው የለካሁት።»

መቀሱን አስቀመጥኩት። «አንተ?»

«እኔ።»

ቱቦዎቹ አሮጌ ናቸው፤ እየጋሉ ሲሄዱ ድምፃቸው ከተለካበት ከፍ ይላል። ይህን ሱቃችን ውስጥ የማያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ለምን ሳትጠብቅ ለካህ አልኩት። ጆሮው ቀላና የቴስተሩን ጫፎች መንቀል ጀመረ።

«በል ሂድና ንገራት።»

«ምን ብዬ? ይሙቅ ሳይሞቅ ለካ ብዬ? አንቺስ ብትሆኚ ታምኛለሽ?»

እውነቱን ነው። ካለው ውሸት ሁሉ የማይታመነው ይሄ እውነት ነበር።

እኔ ለልጄ ክፉ አልመኝም፤ ስለዚህ የሚቀለውን መከርኩት። «እንግዲያው ተወው» አልኩት። «አባትየው ፈቅዷል። ቦታ ጠርጎልሃል። የሴት ልጅ ኩርፊያ ነው፣ ያልፋል። ሰው ከተጋባ በኋላ ስንቱን ይረሳል።»

ይሙቅ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ አጠፋ። ቱቦዎቹ እስኪጠቁሩ ድረስ አያቸው።

«አትረሳውም» አለ። «ዝም ትላለች እንጂ አትረሳም። ዕድሜዬን ሙሉ በዓይኗ ስትለካኝ ልኖር ነው።»

ሽርጡን ፈታና ወጣ። መኪና ይመጣ አይመጣ ግራ ቀኝ ሳያይ ተሻገረ። እኔም ሥራዬን ጥዬ ተከተልኩት። ደስታ ነው የምለው አይደለም፤ ደረቴ ላይ ግን የሆነ ነገር ቀለል አለኝ።

ባለፎቁ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ» አለው ይሙቅ፣ «ያ ቀን አይቆጠርም። የኔው ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። ይደገም።»

«ወድጄዋለሁ አልኩህ እኮ።»

«የወደዱት ከፍታውን ሊሆን ይችላል።»

ባለፎቁ እንደ ተሳሳተ ሒሳብ አተኩሮ አየው። «ቢደገምና ባልለየውስ?»

«ውሉን ያውቁታል።»

ልጅቷን አስጠራት። ይሙቅን ሳታይ አለፈች። እንደገና ያቺ ክፍል፣ እንደገና መጋረጃዬ። አሁን የምትለካው እሷ ናት። ይሙቅ አምፕሊፋየሩን አስቀምጦ ካበራ በኋላ ሄዶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲያያቸው።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ ባለፎቁ።

«እስኪሞቅ ነው» አለች ልጅቷ። እሱ አይደለም ያለው፣ እሷ ናት።

ጠበቅን። ቱቦዎቹ ሲቀሉ፣ ብርሃናቸው እጇ ላይ ሲወጣ አያለሁ። ከዚያ ለካች፣ አስተካከለች፣ ደግማ ለካች። «እኩል ናቸው» አለች።

ባለፎቁ ዓይኑን ጨፈነ። ዘፈኑ ያው ነው። አዛወረች።

«ይሄ» አለ። የራሱ ነበር።

«ይሄ።» የይሙቅ ነበር። «አይ፣ ቆይ። ይሄኛው።» እንደገና የራሱ።

ብዙ ሞከረ፤ ሰነፍ አልነበረም። ግንባሩን አኮማተረ፣ ወደ ፊት አጎነበሰ፣ ወደ ኋላ ተደገፈ። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠ።

«አልለየሁትም» አለ። «ሁለቱም ያምራሉ።»

ልጅቷ ዘፈኑን አላቆመችውም። እየዘፈነ ቀረ። ባለፎቁ ዞሮ ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን ልጅ አየው፤ አሁን ዓይኑ በትከሻው ላይ አላለፈም።

«አንተ፣ ለምን ተመለስክ? አሸንፈህ ነበር። እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም።»

«እሷ ታውቅ ነበር» አለ ይሙቅ።

ልጅቷ የማዛወሪያዋን ቁልፍ እንደያዘች ቆመች። ቀስ ብላ ወደሱ ዞረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ከፍ ማለቱን እኔ አላደረግኩትም» አላት። «ማለቴ፣ አድርጌዋለሁ። ሳላውቅ። ሳይሞቅ ለክቼው ነው።»

«አንተ?»

«ሁላችሁም እንደዚያ ትላላችሁ።»

«ለምን?»

አባትየው አለ። አክስቱ አለሁ። ይሙቅ ሁለታችንንም አየንና እንደሌለን ቆጠረን።

«ሽቦ እያያያዝሽ ነበር» አለ። «ፀጉርሽን ወደ ኋላ አስረሽ፣ እርሳስሽን በጥርስሽ ነክሰሽ። እኔ ቴስተሩን ይዣለሁ፣ የማየው ግን አንቺን ነው። ቁጥሩን አነበብኩ፣ እኩል አልኩ፣ መቼ እንዳበራሁት ትዝም አላለኝ። ከዚያ በፊት ሆኖብኝ አያውቅም።»

ባለፎቁ ጉሮሮውን ጠረገና መስኮቱን ያይ ጀመር።

ልጅቷ የሚቀመጡበት ፈልጋ ባዶ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ካርቶኑ ጎበጥ አለ። መጀመሪያ የምትስቅ መሰለኝ፤ ከዚያ አለመሆኑን አየሁ።

«መዋሸት ብትፈልግ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ከዚህ የተሻለ ውሸት ታገኝ ነበር።»

«አሰብኩበት» አላት። «አላገኘሁም።»

«ደደብ።»

«እሺ።»

«ያን ያህል ቀን ዝም ትለኛለህ?»

«አታምኚኝም ብዬ ነው።»

«አላምንህም ነበር» አለች። «ዛሬ ያሸነፍከውን አፍርሰህ ባትመጣ አላምንህም ነበር።»

ባለፎቁ ከመስኮቱ ሳይዞር ተናገረ። ድምፁ እንደ ድሮው የውል ድምፅ ነው፣ ግን ትንሽ ደከም ብሎታል።

«ቃል ቃል ነው ልጄ። ቅርንጫፉ ይጠብቅሻል።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። እሄዳለሁ።» ከካርቶኑ ተነሳች። «ጨብጬሃለሁ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ግን አልጨበጥኩህም።»

ይህን ስትል አባቷን አልነበረም የምታየው። ይሙቅ ከግድግዳው ተነስቶ ቆመ። ቆመና ወደኔ ዞረ። አያችሁ፣ ጥያቄው የተጠየቀው እሱ ቢሆንም መልሱ እኔ ዘንድ ነበር። ያቺ ወንበር፣ ሟቹ የተቀመጠባት፣ ልጁ የተቀመጠባት። እኔ በር ላይ ጨርቅ ስወጥር ከኋላዬ የሚሰማው የካውያ ሽታ። ማታ ሱቅ ስንዘጋ ከባዱን መዝጊያ የሚያወርድልኝ ክንድ። ይህ ሁሉ በዓይኔ ላይ መጣ። እሱም በዓይኔ ላይ ሲመጣ አየው፤ ለመናገር አፉን ሲከፍት፣ አልሄድም ሊል እንደሆነ ገባኝ።

ቀደምኩት።

«እዚያ አገር አምፕሊፋየር አይበላሽም እንዴ?» አልኩት።

ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ልጅቷ መጥታ ከነመጋረጃዬ አቀፈችኝ፤ ጨርቁ መሃላችን ገብቶ ተጠቀለለ። ትከሻዬ ላይ ያለቀሰችው እሷ ናት እንበል።

ባለፎቁ ማንንም ሳያይ፣ «ከቅርንጫፉ በስተጀርባ አንዲት ክፍል አለች» አለ። «ዕቃ የምናጉርባት ናት። ፀሐይ አታገኝም።»

«አምፕሊፋየር ፀሐይ አይፈልግም» አልኩት።

«እንግዲያው ትጠረግ» አለ። ወደ በሩ ሄደና ቆመ። «ስንት ዓመት ስነግድ ነው» አለ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ «ያሸነፈውን ይደገምልኝ ብሎ የመጣብኝ ሰው አላውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ነጋዴ አይሆንም።» ከዚያ፣ ወደ ልጁ ሳይሆን ወደኔ፣ «ባል ግን ይሆናል መሰለኝ» አለና ወረደ።

እነዚያ ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ተጠጋግተው ቆመው፣ ሳይነካኩ፣ ወደ አንድ ቦታ እያዩ ነበር። እኔ መጋረጃዬን አጣጥፌ፣ ደረጃውን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሱቄ ስደርስ ቶሎ አልገባሁም። በሩ ላይ ቆምኩ። ደስ ብሎኛል፤ ብቸኝነቱም ከዚያው ጋር አብሮ መጥቷል፣ አንዱን ካንዱ ልለየው አልቻልኩም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጨርቁም ተወጥሮ አለቀ። እኔ ዕድሜዬ እየገፋ፣ የትናንቱ ከዛሬው እየተደባለቀብኝ ነው። አንድ ቀን ይህን ታሪክ ስጀምርላችሁ መሃሉ ቢጠፋብኝ፣ እናንተ አስታውሱኝ። ልጁ ሽርጡን ፈትቶ፣ የተፈቀደለትን ሊመልስ መንገዱን የተሻገረባትን ከሰዓት በኋላ፣ እሷን ብቻ አስታውሱልኝ።